መልስ፦ አዮኑ ካሜራ ላይ ፍንክች አይልም፣ የካልሲየም ሰዓቴ ግን በየቀኑ ይዛነፋል

የካልሲየም ሰዓት ጊዜን የሚለካው በኤሌክትሪክ ወጥመድ በተያዘ አዮን (ቻርጅ ባለው አቶም) ነው፤ የወጥመዱን የሬዲዮ ሞገድ ኃይል ስትቀንስ አዮኑ ከቦታው አለመነቃነቁ አያዘናጋህ። ካሜራ ወደ ራሱ የሚመጣን ወይም የሚርቅን አዮን አይለይም፤ ሰዓትህን የሚያዛንፈው ማይክሮሞሽን (የወጥመዱ ሞገድ አዮኑ ላይ የሚያመጣው ፈጣን ንዝረት) በዚያ አቅጣጫ ተደብቆ ይሆናል።

1. አዮኑን የሚያቀዘቅዘውን የ397 ናኖሜትር ሌዘር በሦስት አቅጣጫ አስገባ፤ ሦስቱም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ አይዋሉ።
2. አዮኑ የሚለቃቸውን ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) መድረሻ ጊዜ ከሬዲዮ ሞገዱ ጋር አስተያይ። ቆጠራው ከሞገዱ እኩል ከፍ ዝቅ ካለ፣ እስኪረጋ ድረስ አዮኑን ወደ ወጥመዱ መሃል የሚመልሱትን የማካካሻ ኤሌክትሮዶች ቮልቴጅ አስተካክል።

ወጥመዱን በ24.8 ሜጋኸርዝ አካባቢ ማሠራት ከቻልክማ ተገላገልክ! ለካልሲየም እዚያ ላይ ከማይክሮሞሽን የሚመጡት የስታርክ መዛነፍ (የኤሌክትሪክ መስክ የሚያመጣው የድግግሞሽ ለውጥ) እና የአንጻራዊነት የጊዜ መዘግየት ይጣፋሉ።

ከልምድ አንድ ነገር፦ አዲስ አዮን በጫንክ ቁጥር እንደገና ለካ። ከምድጃው የሚተነው ካልሲየም ኤሌክትሮዶቹ ላይ ይለጠፋል፣ ሌዘሩም ገጻቸውን ቻርጅ ያደርጋል፤ በትናንቱ ቮልቴጅ አትመን።