መልስ፦ ጎመኔን የሚበላው ጥቁር ትል ምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ጎመንዘርህን የሚያበጣጥሰው ትል የቢራቢሮ ልጅ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እንደገለጽከው ከሆነ አይመስለኝም፤ አታሊያ የሚባለውን የነፍሳት ወገን እጠረጥራለሁ።

መለያው ቀላል ነው። ትሉን ገልብጠህ ሆዱ ሥር ያሉትን አጫጭር እግሮች ቁጠር። የቢራቢሮና የእሳት ራት ትል ቢበዛ አምስት ጥንድ ነው ያለው። አታሊያ ግን ስምንት ጥንድ አለው። ደግሞ ስትነካው ተጠቅልሎ ዱብ ይላል፣ ሞቼአለሁ ለማለት ያህል!

ሲያድግ ዝንብ ይመስላል እንጂ ዝንብ አይደለም። ክፍለ መደቡ ከንብና ከተርብ ጋር ነው፤ ግን እንደ ተርብ ወገቡ አልቀጠነም። ሴቷ ጭራዋ ላይ ባለ መጋዝ መሰል ነገር ቅጠሉን ሰንጥቃ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች።

ወገኑን እ.ኤ.አ. በ1817 የሰየመው እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሊች ነው። ለረጅም ጊዜ ቴንትሬዲኒዴ በሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ቆይቷል። አሁን አሁን የራሱ ቤተሰብ ይገባዋል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። መኖሪያው አውሮፓ፣ እስያና አፍሪካ ነው። አውሮፓን የሚያስቸግረው አታሊያ ሮዜ ነው፤ አፍሪካ የራሷ ዝርያዎች አሏት። የአንተ የትኛው እንደሆነ ከፎቶ መናገር ከባድ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ለቢራቢሮ ትል የሚሸጠው ከባክቴሪያ የሚሠራ መድኃኒት ለዚህ አይሠራም፣ ብርህን አታባክን። ማሳህ ትንሽ ከሆነ ቅጠሉን ሳህን ላይ አራግፈው። ትሉ አድጎ አፈር ውስጥ ስለሚሸሸግ፣ ጎመኑ ሲነሳ መሬቱን ገልበጥ አድርገው።