መልስ፦ ሃሞክ ላይ ጀርባዬን ብቻ የሚበርደኝ ለምንድነው?

ሃሞክ (ሁለት ዛፍ መሃል የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ) ላይ ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም የመኝታ ከረጢት፣ ይዘህ ጀርባህን ለምን እንደሚበርድህ ነው የጠየቅከው። ባጉ ምንም አልሆነም። የሚያሞቅህ በላባው መሃል የተያዘው አየር ነው፤ ስትተኛበት ክብደትህ ይጨፈልቀውና አየሩ ይወጣል፣ ከስር ደግሞ ነፋሱ እንደልቡ ይመላለሳል።

ዋናው መፍትሄ ከሃሞኩ ውጪ ከስር የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ ነው፣ አንደርኪልት የሚሉት። ስለማትተኛበት አይጨፈለቅም። ግን የሃሞኩን ጨርቅ ነካ ማድረግ አለበት፤ ክፍተት ካለው ብርዱ ይገባል፣ በጣም ከተወጠረ ደግሞ ያው ይጨፈለቃል። ተኝተህ እጅህን ከስር ስደድና ዳብሰው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጫፍና ጫፉን ሳላጠብቅ ተኝቼ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው የነቃሁት።

እሱ ከሌለህ ፎም ፍራሽ አንጥፍ። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲንሸራተት ያናድዳል። ሃሞክህ ድርብ ጨርቅ ከሆነ መሃሉ ሸጉጠው፣ ትንሽ ይሻላል። ትከሻህ ጋ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ብርዱ መጀመሪያ የሚገባው በዚያ ነው።

ከሃሞኩ በላይ የምትወጥረውን ሸራ ዝቅ አድርገህ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ዝጋው። የምትተኛበት ልብስ ደረቅ ይሁን፣ በተለይ ካልሲው። ሙቅ ውሃ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጠርሙስ ሞልተህ፣ ካልሲ አልብሰህ ጭንህ መሃል አድርገው። አፍንጫህን ባጉ ውስጥ አትቅበር፣ ትንፋሽህ ያረጥበዋል። ሽንትህ ከመጣ ደግሞ ብርዱን ፈርተህ ይዘህ አትተኛ፤ እስኪነጋ መገላበጥ ነው ትርፉ።