ከደላንታ የወጣ አኳማሪን ነው ለተባልከው

ወንድሜ፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ደላላ 20 ግራም ሰማያዊ ጥሬ ድንጋይ አሳይቶህ «ከደላንታ፣ ከኦፓል ጋር አብሮ የወጣ አኳማሪን ነው» ብሎሃል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ጥያቄህ። ኦፓል የሚባለውን የወሎ የከበረ ድንጋይ ስገዛና ስሸጥ ቆይቻለሁ፤ አኳማሪንም በእጄ አልፏል፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ወሬው ራሱ አያስኬድም። የደላንታ ኦፓል የሚወጣው ከእሳተ ገሞራ አለት ነው። አኳማሪን ግን ቤሪል የሚባል ማዕድን ሰማያዊው ዓይነት ነው፤ አረንጓዴው ኤመራልድም ከዚሁ ዘር ነው። በብዛት የሚያድገው ከግራናይት ጋር በሚገኘው፣ ፔግማታይት በሚባል አለት ውስጥ ነው። ይህ ዓይነቱ አለት በደቡብ፣ ሻኪሶ አካባቢ አለ። ድንጋዩ ከደቡብ መጥቶ ደሴ ቢሸጥ ምንም አይደል። ታዲያ ለምን ደላንታ ይላል?

«ይኸው መስታወት ይጭራል» ቢልህም አትደነቅ። ኳርትዝና ቶፓዝ የሚባሉት ድንጋዮችም ይጭራሉ። እኔ የምፈራው ቶፓዙን ነው። ገበያ ላይ ያለው ሰማያዊ ቶፓዝ አብዛኛው በጨረር የቀለመ ነው፤ ዋጋውም ከአኳማሪን በብዙ ያንሳል።

እሱን በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ትለየዋለህ። ድንጋዩን መዝን። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስረህ ውሃው ውስጥ አንጠልጥል፤ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ታቹንና ጎኑን ግን አይንካ። የመጀመሪያውን ክብደት አሁን ለሚታየው ቁጥር አካፍል። አኳማሪን 2.7 አካባቢ ይሰጥሃል፣ ቶፓዝ 3.5። ያንተ 20 ግራም ከሆነ ሚዛኑ 7.4 ገደማ ካሳየ ጥሩ ነው፤ 5.7 ካሳየ ቶፓዝ ነው፣ ተወው። (ይህን በኦፓል እንዳትሞክር! የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፣ መልኩም ይለወጣል።)

ኳርትዝና አንዳንድ መስታወት ግን ለ2.7 ስለሚቀርቡ ሚዛን ብቻውን አይበቃም። አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ውስጡን እይ፤ ክብ የአየር አረፋ ካለው መስታወት ነው። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ካለህ ደግሞ ድንጋዩን በጎኑ ይዘህ መነጽሩን አዙረው። አኳማሪን ሰማያዊው አንዴ ጎላ፣ አንዴ ፈዘዝ ይላል። የመስታወት ቀለም ግን አይለወጥም።

ሁሉንም ቢያልፍ እንኳ በትልቅነቱ አትሸወድ። አኳማሪን ትልቅ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ያለው የብራዚሉ «ዶም ፔድሮ» 10,363 ካራት ነው፣ ከ2 ኪሎ በላይ። ዋጋውን የሚወስነው ቀለሙና ጥራቱ ነው። የፈዘዘ ከሆነ ወይም ውስጡ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ደላላው የጠራውን ግማሹንም አትስጠው። አረንጓዴ ካለበት ግን ቶሎ አትናቀው፤ 400 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ አረንጓዴው ሊለቅና ሰማያዊው ሊቀር ይችላል። ይህ በንግዱ የተለመደ ነው፣ እንደ ማጭበርበርም አይቆጠርም። ቤትህ ከሰል ላይ ግን እንዳትሞክረው፣ ይፈነዳብሃል።