የኮሌጃችን ስታዲየም መቀመጫ ይስፋ ወይስ ይቆይ? ለተነሣው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ጠያቂያችን እንደገለጹልን፣ እዚህ ጅማ በሚማሩበት ኮሌጅ በውድድር ቀናት ሜዳው ሞልቷል እየተባለ ሰው ከበር ስለሚመለስ፣ ለ2,000 ተመልካች የሚሆን ተጨማሪ መቀመጫ ይሠራ የሚል ሐሳብ ለኮሚቴ ቀርቧል። እርስዎም የአሜሪካ ኮሌጆች ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም እንዳላቸው አንሥተው አስተያየታችንን ጠይቀዋል። እኔ በዚችው ከተማ በግንባታ ተቆጣጣሪነት፣ በኋላም በጨዋታ ቀን በር ላይ ከሚያስተባብሩት እንደ አንዱ ሆኜ ስለሠራሁ፣ በሁለቱም በኩል ያየሁትን ይዤ እመልሳለሁ። ሐሳቤ መቀመጫው አሁን አይጨመር፣ ገንዘቡም አስቀድሞ ለጣሪያና ለመውጫ ይዋል የሚል ነው።

በመጀመሪያ «ሞልቷል» የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደወጣ መጠየቅ ይገባል። በር ላይ የቆመ አስተባባሪ የሚያየው ከፊት ለፊቱ ያለውን ደረጃ ብቻ ነው። ጅማ ደግሞ ዝናቧ ክረምትን የማይጠብቅ ከተማ ናት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቁሮ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ፣ በሜዳው ማዶ ባለው ክፍት እርከን የተቀመጠው ሕዝብ ፌስታል በራሱ ላይ አድርጎ፣ የተቀመጠበትን ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ፣ የሩጫ መሙን እየዞረ ጣሪያ ወዳለው ወደ ጥላ ፎቅ ይጎርፋል። በዚያ ቅጽበት መተላለፊያው ደረጃ ራሱ መቀመጫ ይሆናል፤ አንዱ ከወንድሙ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው አጥሩን ይደገፋል። በሩም «ሞልቷል» ተብሎ ይዘጋል። ማዶ ያለው እርከን ግን በዚያው ሰዓት ባዶውን እየታጠበ ነው። ስለዚህ ከበር የተመለሱት ሰዎች የተመለሱት መቀመጫ ስለጠፋ ሳይሆን መጠለያ ስለጠፋ ነው። ጣሪያ የሌለው ተጨማሪ እርከን ቢሠራ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ጥላ ፎቅ የሚሮጠውን ሰው በ2,000 ከማብዛት ያለፈ ጥቅም አይኖረውም።

ቁጥር ያልተጻፈበት የአርማታ እርከን ሌላም ጣጣ አለው። ሰው እንደልቡ ዘርጋ ብሎ ይቀመጥና ጃኬቱን ለሚመጣ ጓደኛው ቦታ ይይዝበታል። ለአንድ ሰው 50 ሴንቲ ሜትር እየለኩ በቀለም መስመር ማስመርና ቁጥር መጻፍ የአንድ ቀለም ቀቢ ሥራ ነው። ይህን ሳያደርጉ ሜዳው ስንት ሰው እንደሚይዝ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ የኮሚቴው ሰነድ ግን አሁን ያለውን የመያዝ አቅም እንደታወቀ አድርጎ የጀመረ ይመስለኛል።

ዋናው ሥጋቴ መውጫው ነው። እንግሊዝ ለስፖርት ሜዳዎች ደኅንነት በምትጠቀምበት መመሪያ መሠረት፣ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ደረጃ በደቂቃ 66 ሰው፣ በተስተካከለ መሬት ላይ ደግሞ 82 ሰው ሊያልፍ እንደሚችል ይታሰባል፤ ተመልካቹም ቢበዛ በ8 ደቂቃ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደማይጨናነቅበት መውጫ መድረስ አለበት። ስፋቱ 1.20 ሜትር የሆነ ደረጃ በዚህ ጊዜ የሚያሳልፈው ወደ 630 ሰው ነው። ለ2,000 አዲስ ተመልካች እንዲህ ያለ ደረጃ አራት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሦስት ሜትር የሚሰፋ በር እንኳ በ8 ደቂቃ የሚያወጣው 1,968 ሰው ነው፤ ያውም ሁለቱ መዝጊያዎች ወለል ብለው ተከፍተው፣ ከውጭም የተደረደረ ባጃጅ መንገዱን ሳይዘጋው። በሥራ ላይ ያየሁት ግን አንዱን መዝጊያ በሰንሰለት አስሮ ቲኬት በሌላው መቁረጥ ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅም ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ሲፈለግ ይቆያል። በጥር 2014 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ሲካሄድ በካሜሩን ኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረው መገፋፋት 8 ሰዎች ሞተዋል። ስታዲየሙ ወደ 60,000 ሰው የሚይዝ አዲስ ሜዳ ነበር፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔም መከፈት የነበረበት በር ባልታወቀ ምክንያት ተዘግቶ እንደነበር ተናግረዋል።

ተመልካቹ ይዘልቃል ወይ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። የከተማችን እግር ኳስ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሣ ከተማው እንዴት እንደነበረ የነበርን እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድና በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ክለቡ ከሊጉ ወረደ። በአንድ ጥሩ ዓመት ግርግር ተለክቶ የሚሠራ አርማታ ቡድኑ በወረደ ማግሥት አብሮ አይቀንስም። የኮሌጅ ውድድርማ ሜዳውን የሚሞላው በፍጻሜው ሰሞን ብቻ ነው።

ስለ አሜሪካ ያነሡት እውነት ነው፤ ምንም እንኳ የእነርሱ ፉትቦል ከእኛ እግር ኳስ የተለየ ጨዋታ ቢሆንም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1927 ሲከፈት እንዲህ ትልቅ አልነበረም፤ ያን ጊዜ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ፊልዲንግ ዮስት ወደፊት ከመቶ ሺህ በላይ መቀመጫ መሸከም የሚችል መሠረት እንዲጣል ስላደረጉ፣ ተከታዮቻቸው ተመልካቹ በመጣ ቁጥር ከላይ እየጨመሩ እዚህ ደርሰዋል። በአንጻሩ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ 47,000 ገደማ ይይዝ የነበረውን ሜዳ አፍርሶ በምትኩ የመረጠው ወደ 35,000 የሚይዝ ነው። ትልቆቹ ራሳቸው ቁጥር እየቀነሱ ምቾት ሲገዙ እኛ የተዉትን እንቅዳ ማለት አይታየኝም።

ኮሚቴው በሐሳቡ ከጸና ግን ከዮስት የሚወሰደው የመሠረቱ ነገር ነው። በጅማ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ ያለ በቂ ቁፋሮ የተሠራ እርከን መጀመሪያ የሚከፈተው አዲሱና አሮጌው በሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ውኃ በዚያ ስንጥቅ ገብቶ ፌሮውን ሲያዝገው ከላይ ለሚያይ ሰው ምንም አይታወቅም። ከኋላ ረድፍ ሲጨመርም የአሮጌውን እርከን ከፍታ ዝም ብሎ መድገም አይበቃም፤ ከሜዳው በራቁ መጠን የእያንዳንዱ እርከን ከፍታ ካልጨመረ፣ የኋለኛው ተመልካች ከፊቱ ያለውን ሰው ማጅራት ሲያይ ይውላል። ከፊት በመሙ በኩል መጨመር ደግሞ ተቀያሪ ተጫዋቾች በተነሡ ቁጥር ኳሱ የሚጠፋበትን መቀመጫ መሸጥ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሥዕሉን ከማየትዎ በፊት የአፈር ምርመራ ውጤቱንና የመውጫዎቹን ስፋት በሜትር ይጠይቁ። ሁለቱ ካልቀረቡ የዋጋ ግምቱ ገና አልተሠራም ማለት ነው። ጥላ ፎቁን በማዶው እርከን ላይ በብረት ምሰሶና በቆርቆሮ መድገም ስንት እንደሚያወጣም በዚያው አብሮ እንዲሰላ ቢያደርጉ፣ ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ መነጋገር ይቻላል።