ከጀርባው በእርሳስ ጻፉ

ልጆቼ፣ 31 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሰው ወረቀት ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ራሴ ቤት አንዲት ፎቶ ነው። እናታችን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣት ነበር።

ጥቁርና ነጭ ናት፤ ከመዳፍ አትበልጥም። ደሴ ፒያሳ ከነበረ ፎቶ ቤት የተነሳች ናት። እህቴ የመስቀል ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች። የስልክ እጀታ ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። ስልኩ ሽቦ የለውም፤ የፎቶ ቤቱ ጌጥ ነው። ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ያለው ቤት አልነበረም፤ ፎቶ ቤት ሄዶ መደወል ግን ይቻል ነበር። ከኋላዋ ሸራ ላይ የተሳለ ሐይቅና ዘንባባ አለ። በስተቀኝ ጠርዙ ላይ ደግሞ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድደው የያዙ አራት ትንንሽ ጣቶች ይታያሉ። የጣቶቹ ባለቤት ከፎቶው ውጭ ቀርቷል።

እኔ ነኝ ብዬ ነው ያደግሁት። ለወለድኳቸው ልጆቼም "ይኸው አባታችሁ" እያልኩ አሳይቻለሁ።

ጀርባው ላይ "ለማስታወሻ ይሁንህ" ተብሎ ተጽፏል። አባታችን የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ለእሱ የተላከ ነው። ቀን የለ፣ ስም የለ። ዓመቱን ያገኘሁት ከእህቴ ጥርስ ነው። ስትስቅ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም። የተወለደችው 1955 ነው፤ የፊት ጥርስ የሚወልቀው ሰባት ዓመት ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ መስቀል 1962 ወይም 63 መሆን አለበት። በዚህ ግኝቴ ስንት ቀን እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

እናንተ እንደኔ ጥርስ ቆጣሪ እንዳትሆኑ ከጀርባው ጻፉ። ማን፣ የት፣ መቼ። ለስላሳ እርሳስ ይሁን፣ ሳትጫኑ። እስክሪቢቶ ፊቱን ያጎደጉደዋል፤ ቀለሙም ውሎ አድሮ ሊዘልቅ ይችላል። ያንን ገጹ የሚያጣብቅ አልበም ደግሞ ተዉት። ሙጫው ስንቱን ፎቶ እንደበላ እኔ ነኝ የማውቀው። በስልክ ስታነሱት መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ ይሁን። በቴሌግራም ከላካችሁም በፋይል ላኩት፤ በፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል። ስለ ዕቃው ይኸው በቃ።

ከዕቃው ይልቅ የሚያስቸኩለው ሰው ነው። እናቴን ስለዚህች ፎቶ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። ቆርቆሮው ሁልጊዜ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር፤ እሷም ሁልጊዜ የምትኖር መስሎኝ ነበር። የቀረችኝ እህቴ ናት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ባለፈው መስቀል ፎቶውን ላክሁላትና ደወልኩ።

"እትዬ፣ ለማን ነበር የምትደውይው?"

"ለአባዬ ነዋ! አሰብ።"

ሳቅን። ከዚያ "እኔስ ቀሚስሽን የያዝኩት ፈርቼ ነው?" አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" አልኩ።

"አንተ እኮ አልመጣህም" አለች። "ጭርት ወጥቶብህ፣ ራስህን ተላጭተህ ቤት ቀርተሃል። ጣቶቹ የማሙሽ ናቸው።"

ማሙሽ ታናሻችን ነው። በማግስቱ ዓመት ኩፍኝ ወሰደው። ሌላ ፎቶ የለውም። እኔ ያኔ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ ያን ያህል ዝቅ ብዬ ቀሚስ የምይዝበት ምክንያት አልነበረም። ጥርስ ቆጥሮ ዓመት ያወጣ ሰው የጣቶቹን ከፍታ አላየም!

ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን ገለበጥኩት። የራሴን ስም ጽፌበት ነበር፤ ደግነቱ በእርሳስ ነው። ላጲስ ፈልጌ ቀስ ብዬ አጠፋሁትና የእሱን ጻፍኩ።