የስኳድሮን አዛዥ መሆን ለሚፈልገው የድሬዳዋ ሳቢያን ልጅ

አብሽር ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። 12ኛ ክፍል ነህ። የተዋጊ ጄት አብራሪውን የጄኔራል ለገሠ ተፈራን ታሪክ ሰምተህ ልብህ ተነስቷል፣ የተዋጊ ጄት ስኳድሮን፣ ማለትም የአውሮፕላኖችና የአብራሪዎች ቡድን፣ አዛዥ ልሁን ብለሃል። አባትህ ደግሞ «ፈተናውን ተወውና ሱቅ ግባ» ይሉሃል። መነጽርህም አሳስቦሃል።

የመነጽሩን ነገር ለሐኪም ተወው፣ እሱን የሚወስነው የአየር ኃይል ምርመራ ነው። ደግሞ ሐረር ሜዳ የሚባለው የጦር ሰፈር ያለው ቢሾፍቱ ነው፣ ሐረር ወጥተህ እንዳትፈልገው።

ያንገበገበኝ ስለ አዛዥነት የጻፍከው ነው። ከላይ እስከ ታች ተኩስ ብቻ! ለገሠ በ1969 የሶማሊያ ወረራ ጊዜ ኤፍ 5 በሚባለው አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊ ጄት የሶማሊያን ሚጎች፣ የሶቪየት ሥሪት ጄቶቿን፣ ጥለዋል፣ ልክ ነህ። ከዚያ እሳቸውም ተመትተው ወረዱና 11 ዓመት ሶማሊያ ታሰሩ። ይቺን ግን አልጻፍካትም።

በጦርነት ጊዜ የስኳድሮን አዛዥ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሰሌዳ ነው። የትኛው አውሮፕላን ይነሳል? የትኛው መለዋወጫ ይጠብቃል? ትናንት ማታ የተመለሰው አብራሪ እንቅልፍ አግኝቷል ወይ? ከዚያ የሚበሩትን ሰዎች ስም ይጽፋል። አንዱ ሳይመለስ ቢቀር የጻፈው እሱ ነው። ለዚህ ቦታ ማመልከቻ አይገባም። መጀመሪያ መኮንን፣ ቀጥሎ አብራሪ፣ ከዚያ ለዓመታት የሌላ ሰው ተከታይ ሆነህ በርረህ፣ ሁለት ከዚያም አራት አውሮፕላን መርተህ ነው፣ እሱም ከደረሰህ።

በዚያ በ1969 ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ከደርግ ጋር ተጣልታ መሣሪያና መለዋወጫ መላክ አቁማለች። ነሐሴ ላይ የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ሲደርስ እነዚያን ኤፍ 5ዎች ማን ያስነሳቸው ይመስልሃል? ቴክኒሻኖቹ ናቸው። ያለ እነሱ ፊርማ የትኛውም አብራሪ አይነሳም። ከመሣሪያ ሳጥን አንዲት መፍቻ ከጎደለች አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም፣ ሌሊቱን በባትሪ ስትፈለግ ይታደራል። (እኔም እንጀራዬን የበላሁት ሃንጋር፣ አውሮፕላን የሚጠገንበት አዳራሽ፣ ውስጥ ነው፣ ለቴክኒሻን ባደላ አትፍረድብኝ።)

ስለዚህ የአየር ኃይል ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገብ፣ ማን ከለከለህ። ግን ጎን ለጎን አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ለአውሮፕላን ጥገናም አመልክት። በረራው ቢሳካ ሞተሩን የሚያውቅ አብራሪ ትሆናለህ፣ ባይሳካ ደግሞ ሙያ በእጅህ አለ።

አባትህን ግን ልናገራቸው፣ ካልተቀየሙኝ። ጋሼ፣ ሱቁ የትም አይሄድም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው የሚያልፈው። ጉልበት ከፈለጉ ቅዳሜና እሁድ ይቁምልዎ። ልጁን ከትምህርት አውጥቶ ባንኮኒ ላይ ማስቀመጥ ገቢ የሚመስለው ለዘንድሮ ብቻ ነው።

አንተ ደግሞ ይሄን ሁሉ ስትጽፍ የፊዚክስና የሒሳብ ውጤትህን አልነገርከኝም። እሱን ላክልኝና እንቀጥላለን።