ልጆቻችሁ በጉን ጨው ያልሱት፣ ለጭላዳው ግን ሙዝ አይወርውሩ

ልጆች ይዛችሁ አገር ቤት ስትመጡ ከሁሉ በላይ የሚማርካቸው እንስሳ ነው። የዘመድ ወሬውም የከተማ ጉብኝቱም ቶሎ ይሰለቻቸዋል። ጥጃ ካዩ ግን አለቀ፣ ከዚያ የሚነቀንቃቸው የለም። ለዚህ ደግሞ ሰሜን ሸዋ የተመቸ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ጣርማበር ገደል ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ፣ በየዘመዱ ግቢ ደግሞ በግና ዶሮ አለላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን እዚያው ላሉ ዘመዶቻችሁ ደውሉና የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ቆዩ ካሏችሁ ቆዩ።

አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ የሚያበላው ባለቤት ያለውን እንስሳ ብቻ ይሁን፤ የሚሰጠውም ባለቤቱ ያቀበለውን ብቻ።

ውጭ ያደገ ልጅ በግና ፍየል የሚያውቀው ትኬት ተቆርጦ በሚገባበት ቦታ ነው። መኖው በኩባያ ይሸጣል፣ እጅ መታጠቢያው በር ላይ አለ፣ እንስሳቱም የማያውቁት ልጅ ሲዳብሳቸው መዋል ለምደዋል። የአጎቱ ግቢ እንደዚያ አይደለም። በቅሎ ከኋላዋ ለመጣ ትራገጣለች። የወለደች ላም ጥጃዋ አጠገብ የቆመውን ትወጋለች። ውሻውም የተቀመጠው ግቢ ሊጠብቅ ነው እንጂ ሊዳበስ አይደለም።

ታዲያ ማን ያሳየው? እረኛው የአጎቱ ልጅ! ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አታገኙም። «እጅህን ዘርጋ፣ ጣቶችህን ግጠም» ይለዋል። መዳፉ ላይ ጨው ቆንጠር አድርጎ ያስቀምጥለታል። በጉ ሞቃት ምላሱን ሲያሳርፍበት ልጃችሁ መጀመሪያ እጁን ይሰበስባል። ቀጥሎ ይስቃል። ከዚያማ «ድገምልኝ» ነው። አማርኛው ቢሰባበርም ሁለቱ ይግባባሉ። እናንተ ፈንጠር በሉ፤ ስልካችሁንም አስቀምጡ። ከውጭ የመጣው ልጅ ተማሪ፣ የገጠሩ ልጅ አዋቂ የሚሆንበት ሰዓት ነው፤ ለሁለቱም ጥሩ ነው።

ከመኪናው ዳቦና ብስኩት አምጥቶ ማደል ግን ይቅር። የሚያመሰኳ ከብት ሆዱ የለመደው ሣርና ገለባ ነው። ድንገት ዳቦ፣ ሊጥ ወይም እህል ሲበዛበት ሆዱ ውስጥ አሲድ ይበዛል፣ ይነፋል፣ ሊሞትም ይችላል። ለልጃችሁ ጨዋታ ነው፣ ለባለቤቱ ግን ያ በግ የማዳበሪያ መግዣው ነው። ማብላት ካማረው ድርቆሽ ያቀብል፤ ለዶሮዎቹ ደግሞ እፍኝ ገብስ ይበትን። ደግሞ «ስንት ከብት አላችሁ?» እያሉ መቁጠር ለብዙ ሰው ደስ አይልም። «ይባርክላችሁ» በሉ፣ ልጆቹንም አስለምዷቸው።

ወላጆች ሳያስቡበት የሚቀሩት የእርዱ ነገር ነው። ዘመድ እናንተን ለማክበር በግ ይጥላል። ልጃችሁ ደግሞ ጠዋት ጨው ያላሰው፣ ስም ያወጣለት በግ ያው ራሱ ሊሆን ይችላል። ከሰዓት ቆዳው ተገፎ ሲያየው የሚደርስበትን ድንጋጤ አስቡት። መፍትሔው ቀላል ነው። ገና እንደደረሳችሁ የቤቱን እመቤት ወይም አጎትየውን ጠጋ ብላችሁ የሚታረደው የቱ እንደሆነ ጠይቁ፤ ልጁ ከሌላው ጋር ይጫወት። ለልጁም እውነቱን ንገሩት። በጉ ለምን እንደሚታረድ፣ ለእናንተ ክብር እንደሆነ፣ ከጸጉሩም ማታ የሚለብሰው ባና እንደሚሠራ። ልጆች እውነት ይችላሉ። የሚያስቀይማቸው መታለሉ ነው። አላይም ካለ አታስገድዱት፣ አልበላም ካለም ለዘመዶቹ አስረዱለት።

አሁን ወደ ጭላዳ ልምጣ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ምግቡም በአብዛኛው ሣር ነው፤ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነጨ ይውላል። ከመኪና መስኮት ሙዝ ሲወረወርለት ግን ሌላ ነገር ይለምዳል። አስፋልት ዳር ይውላል፣ መኪና ይገጨዋል፣ ከልጅ እጅ መንጠቅም ይጀምራል። ሰው ያደፋፈረው ጭላዳ ገብስ ማሳ ሲገባ ደግሞ ጦሱ የሚተርፈው ለገበሬው ነው፤ እናንተ ያኔ አዲስ አበባ ገብታችኋል። «አቅርቤ ላሳያችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ እለፉ።

አንድ ምልክት ለልጆቹ አስተምሯቸው። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ የሳቀ ይመስላቸዋል። ሳቅ ግን አይደለም፤ ማስፈራራት ሊሆን ይችላል። መልሰው ጥርስ አያሳዩት፣ አያፍጥጡበት፣ አይሩጡም፤ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይበሉ። ከሩቅ ተቀምጦ ማየቱ ራሱ በቂ ጨዋታ ነው። የደረቱን ቀይ ምልክት ይፈልጉ፣ እናቱ ጀርባ ላይ የተፈናጠጠውን ግልገል ይከተሉ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ካጋጠማችሁም እንዲሁ ነው። የእሱ ምግብ አይጥ ነው፣ ከእናንተ ሳንድዊች አይፈልግም።

የመጨረሻው የጤና ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ አልለሳለስም። እንስሳ ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ወተት ሳይፈላ አይጠጣም፣ አክስት ቢቀየሙም። ውሻ ከነከሰ፣ ከቧጨረ ወይም ቁስል ከላሰ ደግሞ ቦታውን ወዲያው በወራጅ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ድረሱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ግን ያድናል። ልጆች ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ፤ ስለዚህ «ብትነግረኝ አልቆጣህም» ብላችሁ ቀድማችሁ ቃል ግቡላቸው። የመከላከያ ክትባቱን ከጉዞ በፊት እዚያው ባላችሁበት አገር ማስከተብም ይቻላል። ከተነከሱ በኋላ ሕክምናው አይቀርላቸውም፣ ግን ብዙ ይቀላል። ከአንድ ቀን በላይ ስለሚወስድ ትኬት ስትቆርጡ ቀጠሮውንም አብራችሁ ያዙ።